ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት፦ አሮጌ የናፍጣ መኪና አየር የሚስብበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት

ማታ ደህና ገብቶ ያደረ ሂሉክስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ አምስት ስድስት ሰከንድ ይሠራና ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሞተሪኖ ቢመቱ ቢመቱ ወይ ፍንክች። ጎረቤት ተጠርቶ ተገፍቶ ወይም ባትሪው እስኪዝል ተመትቶ አንዴ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ አያስቸግርም። ማግስቱን ጠዋት ያው ነው።

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ መንገድ ዳር ባሉ ጋራዦች ይህን ምልክት የያዘ መኪና ሲገባ ቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ፓምፑ ሄዷል»፣ ማለትም ናፍጣውን ለሞተሩ የሚያደርሰው ፓምፕ ተበላሽቷል የሚል ነው። ፓምፕ ማስፈታት፣ ማሠራትና መልሶ ታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበትን ቅጽበት) ማስያዝ ብዙ ገንዘብና ብዙ ቀን ይበላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የደረቀ የጎማ ቱቦ ወይም የፊልትሮ ቀለበት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ባታደርጉ እንኳ የጀሪካኑን ሙከራ ሳታደርጉ ፓምፕ አታስፈቱ።

ለምን አይንጠባጠብም?

በቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤልና 1ኤችዜድ ሞተሮች፣ በሚትሱቢሺ 4ዲ56 እና በመሳሰሉት ላይ ያለው ቪኢ የሚባለው ዙር ፓምፕ ናፍጣውን ከታንክ የሚስበው ራሱ ነው። ታንኩ ጋ የሚገፋለት ሌላ ፓምፕ የለም። ከታንክ ተነስቶ በፊልትሮ አልፎ ፓምፑ እስኪደርስ ያለው መስመር በሙሉ ሞተሩ ሲሠራ በመሳብ ላይ ነው። በመሳቢያ መስመር ላይ ያለ ቀዳዳ ናፍጣ ወደ ውጭ አያወጣም፣ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። መኪናው ሥር ገብታችሁ እርጥበት ፈልጋችሁ ያጣችሁት ለዚህ ነው።

መኪናው ሲቆም ሌላ ነገር ይጀምራል። ፓምፑ ከታንኩ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ በክብደቱ ወደ ኋላ መመለስ ይፈልጋል። መስመሩ ጥብቅ ከሆነ፣ አፉ በጣት እንደተደፈነ ቀሰም፣ ባለበት ይቆያል። በፀጉር ውፍረት ልክ የሆነ ክፍተት ካለ ግን አየር ሌሊቱን እየገባ ናፍጣው ይወርዳል። ጠዋት መኪናው የሚነሳው ፓምፑ ሆድ ውስጥ በቀረችው ናፍጣ ነው፤ እሷ ስታልቅ አየሩ ይደርስና ያጠፋዋል።

የእኛ ከፍታም ነገሩን ያባብሰዋል። ፓምፕ ይስባል ይባል እንጂ ናፍጣውን ከታንኩ የሚገፋው የውጭ አየር ግፊት ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስለሆነ ያለን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ግማሽ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የተቆለመመ ቱቦ በቆላ የሚታለፈውን ያህል እዚህ አይታለፍም። የእንጦጦን ዳገት ወደ ሱሉልታ ስትወጡ ጉልበት የሚያጣ መኪና ሜዳ ላይ ደህና ቢሆን አይግረማችሁ።

እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ባሉ፣ በጎኑ ላይ ናፍጣ ማንሻ ፓምፕ የተገጠመለት ረድፍ ፓምፕ (ለየሲሊንደሩ የሚገፉ ክፍሎቹ በረድፍ የቆሙ) ባላቸው አሮጌ መኪናዎች ላይ ደግሞ ከታንክ እስከ ማንሻው ያለው ብቻ መሳቢያ ነው። ከማንሻው ወዲህ ግፊት ስላለ ቀዳዳ ካለ ሞተሩ ሲሠራ ይረጥባል። ዲፎርዲንና መሰል ኮመን ሬል ሞተሮችን፣ ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚታደልባቸውን፣ ይህ መመሪያ አይመለከትም። የእነሱ የኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) መስመር ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ስለሆነ ዳዶ ፈትቶ አየር ማስወጣት በእነሱ ላይ ፈጽሞ አይሞከርም።

መጀመሪያ ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ማስወጣት

አንድ ሰው ሞተሪኖ ሲመታ ሌላው ማርሚታውን ይይ። ነጭ ወይም ግራጫ ጭስ እየወጣ የማይነሳ ከሆነ ናፍጣ ሲሊንደር ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ፊታችሁን ወደ ሲሊንደሮቹ ማሞቂያዎች፣ ወደ ባትሪውና ወደ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የማመቅ አቅም) አዙሩ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም። ይህ ወይ አየር ነው፣ ወይ ፓምፑ ላይ ያለው፣ ቁልፉ ሲዘጋ ናፍጣውን የሚያቋርጠው የማጥፊያ ሶሌኖይድ ነው። ሶሌኖይዱን ለማየት ቁልፉን ወደ ኦን አምጡና ጆሮአችሁን ወደ ፓምፑ አስጠጉ፤ «ጠቅ» ማለት አለበት። ካላለ 12 ቮልት መድረሱን በመብራት ፈትሹ። ብዙ ጊዜ ገመዱ ላልቶ ነው።

የታንኩን ክዳንም ሞተሩ ለግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል። በአቧራ መንገድ የሚውል መኪና ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ምልክቱም ከአየር መሳብ ጋር ይመሳሰላል።

አሁን ወደ ዋናው ሙከራ። ጠዋት ሞተሪኖ ከመምታታችሁ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ በአውራ ጣት ተጫኑ። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ግፊት ጠንከር ካለ ናፍጣው ቦታው ላይ አድሯል፣ ችግሩም ሌላ ነው። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ባዶ እየገባ ቆይቶ ቀስ በቀስ ከጠነከረና ከዚያ በኋላ መኪናው በአንድ ምት ከተነሳ ናፍጣው ሌሊት ወደ ኋላ ተመልሷል። ይህ አንድ ደቂቃ የማይወስድ ሙከራ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። እየተጫናችሁ ፈጽሞ የማይጠነክር ከሆነ የእጅ ፓምፑ ድያፍራም (ስሱ የጎማ ሽፋን) ተቀዷል፣ ወይም በውስጡ ያሉት ሁለት ትናንሽ ቫልቮች አይዘጉም፣ ወይም ትልቅ ቀዳዳ አለ።

መኪናውን አሳድሮ ማየትም ብዙ ይናገራል። ደጃችሁ ተዳፋት ከሆነ አንድ ሌሊት አፍንጫውን ወደ ዳገት፣ በሌላው ሌሊት ወደ ቁልቁለት አድርጋችሁ አቁሙት፤ ሁለቱንም ጊዜ የእጅ ፍሬን ስባችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ወደ ዳገት ሲያድር የባሰ፣ ወደ ቁልቁለት ሲያድር ደህና ከሆነ ናፍጣ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ወደ ቁልቁለት ባደረበት ጠዋት መሬቱንም እዩ። ታንኩ ከሞተሩ እኩል ወይም ከፍ ስለሚል ቀዳዳው አየር መሳቡን ትቶ ናፍጣ ሊያንጠባጥብ ይችላል፤ የጠብታዋ ቦታ ቀዳዳውን ይጠቁማል።

ግልጽ ቱቦ

ግንበኛ ውኃ ልክ የሚይዝበት ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ግዙ። በሂሉክስና በሃያስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው ይገጥማል። ግን የተፈታውን የጎማ ቱቦ ይዛችሁ ሂዱና አስለኩ። አራት የብረት ክላምፕም ጨምሩ።

ከፊልትሮ ወደ ፓምፕ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፍቱና በምትኩ ግልጹን አስገቡ። ጫፉን ፈላ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ነክራችሁ ብትገፉት ሳይሰነጠቅ ይገባል። ሁለተኛውን ቁራጭ በናፍጣ መመለሻው (ትርፉ ናፍጣ ወደ ታንክ በሚሄድበት ቱቦ) ላይ፣ ከፓምፑ በሚወጣበት አግቡ። ቱቦው ቺንጋውን፣ ፋኑንና የጭስ መውጫውን እንዳይነካ በሽቦ እሰሩት። የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ተጭናችሁ አስነሱ።

የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ደቂቃ አትመኑት፤ በቱቦ ቅየራው የገባው አየር መውጣት አለበት። ከዚያ ሚኒሞ ላይ አምስት ደቂቃ አቆዩ፣ ቀጥሎ ጋዝ ሰጥታችሁ 2,500 ዙር ገደማ ላይ ያዙና ቱቦውን እዩ። ጤነኛ መስመር ውስጥ ናፍጣው እንደ ቀጭን ሻይ ጠርቶ ስለሚቆም የሚንቀሳቀስ እንኳ አይመስልም። አልፎ አልፎ አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል አረፋ ብታልፍ አትጨነቁ። እንደ አምቦ ውኃ የማያቋርጥ የደቃቅ አረፋ ሰንሰለት ካለ ግን መሳቢያው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። አረፋው ትልልቅ ሆኖ እየተንከባለለ የሚያልፍ፣ ጋዝ ሲሰጥም የሚበዛ ከሆነ ቀዳዳው ሰፊ ነው።

ወደ ፓምፑ የሚገባው ጥርት ብሎ መመለሻው ላይ አረፋ ካያችሁ አየሩ የሚገባው ከግልጹ ቱቦ በኋላ ነው። እዚያ የቀረው የቱቦው ክላምፕና የፓምፑ መግቢያ ብሎን ሮንዴላዎች ናቸው።

ሲሠራ አረፋ የለም፣ ጠዋት ግን አይነሳም፤ ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ሰውንም የሚያሳስተው ይኸው ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ ጊዜ የሚፈልግ ነው። ማታ ስታቆሙ ግልጹ ቱቦ ውስጥ ናፍጣው የት ጋ እንደደረሰ በማርከር ምልክት አድርጉ። ጠዋት ምንም ሳትነኩ ተመልከቱ። ቱቦው ባዶ ሆኖ ግድግዳው ላይ ጠብታ ብቻ ቀርቶ ከሆነ ነገሩ ተረጋግጧል።

የጀሪካኑ ሙከራ

ንጹሕ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አዘጋጁ። የዘይት ወይም የውኃ የነበረ ከሆነ በሚገባ ታጥቦ የደረቀ ይሁን። ከማደያ የተቀዳ 3 ሊትር ያህል ናፍጣ ጨምሩ። ፊልትሮውን ዝለሉና ከጀሪካኑ ቀጥታ ወደ ፓምፑ መግቢያ ግልጽ ቱቦ ዘርጉ። መመለሻውንም ወደዚያው ጀሪካን አስገቡ። የመሳቢያው ጫፍ ከጀሪካኑ ወለል 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም፤ ደለል ካለ እንዳይስብ። ፊልትሮ ስለሌለ በዚህ ሁኔታ መኪናውን አትንዱት፤ አስነስታችሁ ማየት ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ጀሪካኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። ኮፈኑ ላይ ከሰቀላችሁት ናፍጣው በክብደቱ ወደ ፓምፑ ስለሚወርድ ምንም የሚሳብ ነገር የለም። የታመመ ፓምፕም ጤነኛ ይመስላል። ከፍ ብሎ መሰቀሉ የሚነግራችሁ ሞተሩ ናፍጣ ካገኘ መሥራት መቻሉን ብቻ ነው፤ እሱንም ማወቅ ጥሩ ስለሆነ መጀመሪያ እንደዚያ ሞክሩ። ቀጥሎ ጀሪካኑን መሬት ላይ፣ ከፊት ጎማው አጠገብ አኑሩት። አሁን ፓምፑ ከታች ወደ ላይ መሳብ፣ ሌሊቱንም ናፍጣውን ይዞ ማደር አለበት። አስነስታችሁ አሥር ደቂቃ ካሠራችሁ በኋላ አጥፉና እንዲሁ ይደር።

ጠዋት ግልጹ ቱቦ ሙሉ ሆኖ ካደረና መኪናው በአንድ ምት ከተነሳ ፓምፑ ነጻ ነው። «ፓምፑ ሄዷል» ለሚል ሁሉ ይህን አሳዩት። ባዶ ሆኖ ካደረ መጀመሪያ ራሳችሁ ያሰራችኋቸውን ክላምፖች አጥብቁና ድገሙ። ከዚያም ባዶ ከሆነ ጥፋቱ ፓምፑ ላይ ወይም መመለሻው ላይ ነው።

ፓምፑ ነጻ ከወጣ በሚቀጥለው ምሽት ፊልትሮውን መልሱና ከጀሪካን ወደ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮ ወደ ፓምፕ አድርጉት። አሁን ከወረደ ጥፋቱ የፊልትሮው ራስ፣ የእጅ ፓምፑ ወይም ቀለበቱ ነው። ካልወረደ ከፊልትሮ ወዲያ እስከ ታንክ ያለው መስመር ነው። ሁለት ሦስት ሌሊት ይፈጃል፤ ግን በግምት አምስት ዕቃ ከመግዛት ይሻላል። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ የሚታይበት መኪና ላይ ግን ማሳደር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱን ለውጥ በአሥር ደቂቃ ታዩታላችሁ።

ቀዳዳውን በሶፍት መያዝ

ክፍሉን ከለያችሁ በኋላ ትክክለኛዋን ቦታ ለማግኘት መሳቢያውን ወደ ግፊት መለወጥ ይቻላል። ታንኩ ጋ የመሳቢያውን ቱቦ ፍቱና ከጀሪካኑ ጋር አገናኙት። ጀሪካኑን በመኪናው ጣሪያ ላይ አስቀምጡ፤ ከፓምፑ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ ይበቃል። መስመሩን በሙሉ በጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁ። ከዚያ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ፣ በእያንዳንዱ ክላምፕ፣ ብረት ቱቦው ሻሲውን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ላይ ነጭ ሶፍት አንድ ዙር ጠቅልሉ። ለአንድ ሰዓት ተዉትና ተመለሱ። ናፍጣ ሶፍት ላይ በቀላሉ ይሰራጫል። የመርፌ ጫፍ የማታህል ቀዳዳ የሳንቲም ስፋት ያለው ቢጫ እርጥበት ትጥላለች።

ኮምፕረሰር አታገናኙ። የጎማ ቤት አየር 8 ባር ሊደርስ ይችላል፤ የእጅ ፓምፑን ድያፍራም ይቀዳል፣ ታንኩንም ያሳብጣል።

ሶፍቱ አንድ ነገር ሊያመልጠው ይችላል። የተሰነጠቀ ጎማ አንዳንዴ እንደ ከንፈር ነው፤ ሲሳብ ይከፈታል፣ ሲገፋ ይገጥማል። ሶፍቱ ሁሉ ደርቆ ከተገኘ ሞተሩን አስነሱና እያያችሁ በየመገጣጠሚያው ላይ ወፍራም ግሪስ ቀቡ። አረፋው የቆመበት ቦታ እሱ ነው።

የት ይገኛል?

መጀመሪያ የምትፈትሹት ፊልትሮው ነው፣ በተለይ ችግሩ የጀመረው ፊልትሮ በተቀየረ ሰሞን ከሆነ። የድሮው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ራሱ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ሲጠብቅ ሁለት ቀለበት ይሆናል፤ አይዝም። ቀለበቱን ናፍጣ ቀብታችሁ ፊልትሮው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር አጥብቁ። በሰንሰለት ቁልፍ ማጥበቅ ቀለበቱን ይጨፈልቀዋል። በፊልትሮው ቂጥ ያለው የውኃ ጠቋሚ ሴንሰር ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲዛወር አሮጌውን ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) ይዞ ይሄዳል። ኦሪንጉ ጠፍጣፋ ሆኖ ከደረቀ ቀይሩት። የውኃ ማውጫው ቧንቧም በደንብ ይዘጋ።

የእጅ ፓምፑ በብዙ አሮጌ ቶዮታ ላይ የታወቀ ጥፋተኛ ነው። መጫኛው ዙሪያ አቧራ ከናፍጣ ጋር ተጋግሮ ጥቁር ጭቃ ከሠራ ድያፍራሙ አልቋል። ከነራሱ መቀየር ይሻላል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ስትገዙ ወደ ውስጥ በሚገባው በኩል በንጹሕ ቱቦ ንፉበት፤ በአንድ አቅጣጫ ማሳለፍ፣ በሌላው መከልከል አለበት።

የጎማ ቱቦዎች የሚያረጁት ጫፋቸው ላይ ነው። መሐሉ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ክላምፑ ሥር ያለው ሁለት ሴንቲ ሜትር እንደ ቀንድ ይደርቃል። ሌሊት ሲበርድ ይኮማተራል፣ ሞተሩ ሲሞቅ መልሶ ይገጥማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ብቻ የሚያስቸግር፣ በክረምት ደህና የሆነ መኪና ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ቱቦው ርዝመት ካለው ጫፉን ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ መልሱት። ከሌለው ናፍጣ የሚችል አዲስ ቱቦ ግዙ። የውኃ ቱቦ ናፍጣ ውስጥ በሳምንታት ያብጣል፣ ይለሰልሳል።

ብረት ቱቦው ሥር ለሥር ነው የሚሄደው። በጠጠርና በጭቃ መንገድ የሚሠራ መኪና ላይ የሚበሳው በሻሲው መያዣዎች ሥር ነው፤ ጭቃው እዚያ እርጥበት ይዞ ይከርማል፣ ብረቱም እየተፋተገ ይሳሳል። ከላይ ስታዩት ጤነኛ ነው። መያዣውን ፈትታችሁ በሽቦ ብሩሽ ጠርጉና በካቻቢቴ ጫፍ ዳሱት፤ ከሰረገደ ይቀየር። የተጎዳውን ቁራጭ ብቻ ቆርጦ በጎማ ቱቦ ማገናኘት ይቻላል። ግን የብረቱ ጫፍ እንደ ቀለበት ወጣ ያለ ከንፈር ካልተሠራለት ክላምፕ አይዝለትም።

ታንኩ ላይ ያለው ጥፋት የራሱ ምልክት አለው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ምንም የለም፤ ከግማሽ ወይም ከሩብ ሲወርድ ይጀምራል። በታንኩ ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው የመሳቢያ ብረት ላይኛው ክፍሉ ላይ ተበስቷል ማለት ነው፤ ናፍጣው ቀዳዳውን እስከሸፈነው ድረስ አየር አያገኝም። ናፍጣ በጠፋባቸው ሳምንታት ታንኩ ዝቅ ብሎ በሚከርምበት ጊዜ ይህ ዓይነት መኪና በድንገት «ተበላሸ» ይባላል።

መመለሻውን አትርሱት። ከኖዝሎቹ ላይ የሚነሳው ቀጭን መስመር ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ ያዣል፣ ሲቆም አየር ያስገባል። ኖዝሎቹ ሥር ያለው እርጥበትና የተጋገረ አቧራ ምስክር ነው። በሮንዴላ የሚገጥመው ሮንዴላው፣ በክር በተሸፈነ ቀጭን ጎማ የሚገናኘው ደግሞ ጎማው ይቀየር። በመጨረሻው ኖዝል ላይ ያለችው መድፈኛም ትታይ።

ፓምፑ ራሱ ጥፋተኛ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ነው። ሲሠራ ውስጡ ግፊት ስላለ በጋዝ ማንሻው ዘንግ ሥር፣ በላይኛው ክዳን ጋስኬት ወይም ከፊት በዋናው ዘንግ ማሸጊያ (ሲል) በኩል ናፍጣ ያወጣል። በናፍጣ አጥባችሁ አድርቁት፣ ዱቄት ነስንሱበት፣ ለአሥር ደቂቃ አስነስታችሁ እዩ። የጋዝ ማንሻውን በእጅ ወደ ጎን ስትነቀንቁት እርጥበቱ ከጨመረ ዘንጉ ነው። ያኔ ወደ ፓምፕ ሠሪ ውሰዱት፤ ምን እንደሚሠራም ነግራችሁ ትሰጣላችሁ።

ጠግኖ አየር ማስወጣት

የመዳብ ሮንዴላ አዲስ ካጣችሁ አሮጌውን እስኪቀላ አግላችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ ይለሰልሳል፣ መልሶ ይገጥማል። የአሉሚኒየሙን ግን በአዲስ ቀይሩ። ቴፍሎንና ሲሊኮን በናፍጣ መስመር ላይ አትጠቀሙ፤ ፍርፋሪው ፓምፑ ውስጥ ይገባል። የጎማ ላስቲክ ቆርጦ ቀዳዳው ላይ ማሰርም ቤት ለመድረስ እንጂ ለማሳደር አይሆንም። በታንኩ አጠገብ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ወይም የማይመልስ ቫልቭ ጨምሮ ምልክቱን መሸፈንም ይለመዳል። ቀዳዳው ባለበት ነው፤ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲሆን እንዲያውም ናፍጣውን ወደ ሞተር ቤቱ ያፈሰዋል።

በፓምፑ ላይ የመግቢያውንና የመመለሻውን ብሎን አታለዋውጡ። የመመለሻው ብሎን ራሱ ላይ ማውጫ መሆኑን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይታተምበታል፣ ውስጡም በጣም ጠባብ ቀዳዳ አለው። ያ ቀዳዳ ነው የፓምፑን የውስጥ ግፊት የሚጠብቀው። ከተለዋወጠ መኪናው ወይ አይነሳም ወይ ጉልበት ያጣል፤ አንድ ችግር ሲፈታ ሌላ ይወለዳል።

አየር ለማስወጣት አዲሱን ፊልትሮ በንጹሕ ናፍጣ ሞልታችሁ ግጠሙ። በፓምፑ መግቢያ ያለውን ብሎን ግማሽ ዙር ፍቱ፣ ሥሩ ጨርቅ አንጥፉ፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ የእጅ ፓምፑን ተጫኑ፤ ከሃያ እስከ አርባ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ብሎኑን አጥብቃችሁ እስኪጠነክር ቀጥሉ። አብዛኛው መኪና ከዚህ በኋላ ይነሳል።

ካልተነሳ በ17 ቁልፍ የሁለት ኖዝሎችን የናፍጣ ዳዶ ግማሽ ዙር አላሉና ሞተሪኖ አሥር ሰከንድ ምቱ። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል በየመሃሉ አንድ ደቂቃ አሳርፉ። ናፍጣ ቱፍ ቱፍ ሲል አጥብቁ፣ ወደ ቀጣዮቹ እለፉ። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተሳበ ይሁን፤ አየሩ ሲወጣ ሞተሩ በድንገት ሊነሳ ይችላል። አሮጌ ኖዝልም ቢሆን የሚከፈተው ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። ከላላው ዳዶ አጠገብ እጃችሁንና ፊታችሁን አታድርጉ። የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ከገባ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ቢታይም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሲጃራም ሆነ የከሰል ምድጃ በአቅራቢያ አይኑር። የፈሰሰውን ናፍጣ ከጎማ ቱቦዎችና ከታይሚንግ ቺንጋው አካባቢ በሚገባ ጥረጉ።

መኪናው መዳኑን ለማወቅ ቀላሉን ሌሊት አትምረጡ። ታንኩ ሩብ ላይ እያለ፣ አፍንጫው ወደ ዳገት ሆኖ፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ይደር። ሦስቱንም ጠዋት የእጅ ፓምፑ በመጀመሪያው ግፊት ከጠነከረና ሞተሩ በአንድ ምት ተነስቶ ካልጠፋ መስመሩ ይዟል። ያኔ ግልጹን ቱቦ አውጡና ናፍጣ የሚችለውን ጎማ በአዲስ ክላምፕ ግጠሙ። ግልጹ ፕላስቲክ በናፍጣና በሞተሩ ሙቀት በጥቂት ወራት ይደርቅና ራሱ አየር መሳብ ይጀምራል።